የዘበኛውን ደመወዝ ማን ይክፈል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከከተማው ዳርቻ የመጡ ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ ቀድሞ ተሠርቶ፣ ሰው ገብቶበት፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ኋላ በሚደርስበት ሰፈር «መንግሥትን ከምንጠብቅ እኛው ብናዋጣስ?» የሚል ሐሳብ ቶሎ ይነሣል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። የትኛውን ወጪ በመዋጮ መሸፈን እንደሚቻል፣ የትኛውን ደግሞ በጀት ብቻ እንደሚችለው ካልተለየ ግን ገንዘቡም ድካሙም ሜዳ ላይ ይቀራል።

«በሰፈራችን ያለው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመጠን በላይ ተጣቧል። ውጭ አገር የሚኖር የሰፈራችን ልጅ አራት ክፍል ያለው ሕንፃ ላሠራ ብሏል፤ ርእሰ መምህሩም ደስ ብሏቸዋል። አሁን ብንጀምር ለመስከረም ይደርስልናል? ኮሚቴው ምን ምን ያሟላ?»
— የነዋሪዎች ኮሚቴ፣ ከቦሌ አራብሳ

ሕንፃው ሊደርስ ይችላል። መምህራኑ ግን አይደርሱም፤ ሥራችሁን ከዚያ ጀምሩ።

የመንግሥት በጀት ሁለት ኪስ አለው፤ ካፒታልና መደበኛ ይባላሉ። ከካፒታሉ ግንባታና ትልልቅ ዕቃ ይወጣል። ደመወዝ፣ መብራት፣ ውኃ፣ ጠመኔ፣ የጽዳት ዕቃ ከመደበኛው ነው። የሰፈራችሁ ልጅ የሚሸፍነው የካፒታሉን ነው። መደበኛውን ሕንፃው እስከቆመ ድረስ በየወሩ የሚከፍለው መንግሥት ነው፤ ስለዚህ እሱ ሳያውቅና ሳይዝላችሁ መሠረት አታስቆፍሩ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። አራት ክፍል ማለት 200 ተማሪ መሆኑ ነው። ክፍሎቹ በየትምህርቱ የተለያየ መምህር ለሚገባባቸው ለ7ኛና ለ8ኛ ከዋሉ፣ በቀን 7 ክፍለ ጊዜ ቢኖር ለአንድ ክፍል በሳምንት 35፣ ለአራቱ 140 ክፍለ ጊዜ ይሆናል። አንድ መምህር በሳምንት 25 ቢይዝ 140ን ለ25 ስናካፍል 5.6 ይመጣል፤ ስድስት መምህር ማለት ነው። በዚያ ላይ ቢያንስ አንድ ጽዳት፣ ግቢው ከሰፋ ደግሞ አንድ ዘበኛ። ከተማ አስተዳደሩ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ስለሚመግብ 200 ተማሪ ሲጨመር በየቀኑ 400 ሳህን ይጨመራል፤ የመመገቢያው ወንበርና ምግቡን የሚያበስሉት እናቶች ቁጥርም አብሮ ይታሰባል። ተማሪዎቹ አዲስ ካልሆኑና አሁን በአንድ ክፍል 80 ሆነው የተጨናነቁት የሚበተኑ ከሆነ ምግቡ ባለበት ይቆያል፤ የመምህሩ ቁጥር ግን አሁንም ይጨምራል። ማስፋት ነው ወይስ ማበታተን? በመጀመሪያው ደብዳቤያችሁ ላይ ይህን ለይታችሁ ጻፉ፤ ወረዳው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

አዲስ መምህር የሚቀጠረው በተፈቀደ መደብ፣ ማለትም በተፈቀደ የሥራ ቦታ፣ ላይ ነው፤ መደብ የሚፈቀደውም በጀት ሲያዝለት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ይወጣል፤ የሚቀጥለው ዓመት ጥያቄ የሚሰናዳው ደግሞ በበጋው ነው። ሰኔ ላይ የደረሰ ደብዳቤ ዘግይቷል፤ መልሱ «ለከርሞ» ነው። በየዳርቻው ተመርቀው የተቆለፉ ክፍሎች የምናየው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ወረዳው ስለጠላቸው አይደለም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤቱ ቦርድና የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ ተሰብስበው በቃለ ጉባኤ ይወስናሉ። ርእሰ መምህሩ ቃለ ጉባኤውን አባሪ አድርገው ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጽፋሉ፤ ግልባጩ ለክፍለ ከተማው ይሄዳል። ቃለ ጉባኤ የሌለው የርእሰ መምህር ደብዳቤ ርእሰ መምህሩ ሲቀየሩ አብሮ ይጠፋል፤ ርእሰ መምህር ደግሞ ይቀየራል። ቀጥሎ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ አለ። ዳርቻ ላይ ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ካርታ ስለሌላቸው የግንባታ ፈቃዱ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ሌላውን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት «ካርታ አለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ዲዛይኑን በትምህርት ቢሮ ደረጃ መሠረት አሠሩ። ለጋሹ በወዳጅነት ከሚያመጣው አርክቴክት የሚያምር ንድፍ ይልቅ ያ በቶሎ ይጸድቃል።

የስምምነት ሰነዱ ላይ ሰው የሚጣደፈው የለጋሹ ስም የሚጻፍበት ሰሌዳ ስፋት ላይ ነው። እናንተ የምትከራከሩባቸው ዓረፍተ ነገሮች ሌሎች ናቸው። የመምህራኑን መደብ ማን፣ ከየትኛው በጀት ዓመት ጀምሮ ይይዛል? ዴስክና ጥቁር ሰሌዳ በማን ነው? የመብራት መስመር ማስፋፊያውን ማን ይከፍላል? ሽንት ቤት ከተጨመረ ጉድጓዱ ሲሞላ መምጠጫ መኪና በማን ሒሳብ ይመጣል? ሳይጻፍ የቀረው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወላጅ ላይ ይወድቃል።

ስለ አፈሩም አንድ ነገር እንበል። ከአራብሳ እስከ አቃቂ ያለው ምድር ብዙው ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምት ይነፋል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ መሠረቱ በዚያው አፈር ላይ ከተጣለ ሕንፃው ሁለተኛውን ክረምት ሳያይ ከመስኮቱ ማዕዘን ሰያፍ ስንጥቅ ይጀምረዋል። መረሬው እስከ ጠንካራው ድረስ ይውጣ፣ በገረጋንቲ ይተካ፣ በየንብርብሩ ይጠቅጠቅ። የመሬት ውስጥ ሥራው የበጀቱን ትልቅ ድርሻ በላ ብሎ ለጋሹ ቢያጉረመርም ግድግዳው ላይ ቀንሱ፤ ቀለም ላይ ቀንሱ፤ እዚህ ላይ ግን አትቀንሱ። ውኃው ከግድግዳው ሥር እንዳይተኛ አሸንዳና የውኃ መውረጃ ቦይም በውሉ ይግቡ።

ከኮንትራክተሩ ክፍያ የሚያዘውን መያዣ፣ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ነው፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት እስኪያልፍ አትልቀቁ። ከዚያም በኋላ ቢሆን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 መሠረት ሥራ ተቋራጩ ሕንፃውን ካስረከበ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ ነው። ውሉን የፈረመው ለጋሹ ከሆነ ግን ትምህርት ቤቱ ይህን መብት እንዲጠይቅበት በርክክቡ ሰነድ ላይ ተላልፎ ይጻፍለት፤ ለጋሹ ባሕር ማዶ ሆኖ ስንጥቅ መከራከር አይመችም።

የርክክቡ ዕለት ሪባን ከመቆረጡ በፊት የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ይጠራ። በየበሩ እየቆመ ቁልፉን ሁለት ሁለት ጊዜ አዙሮ ይሞክር፤ ቁልፎቹ በቁጥር ተለይተው ይታሰሩ፤ አምፖሉ ይብራ፣ ቧንቧው ይከፈት። ዴስኮቹ ተቆጥረው በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ገቢ ይሁኑ። በሞዴል 19 ያልገባ ዴስክ በሕግ ዓይን የትምህርት ቤቱ ንብረት አይደለም፤ ወደ ሌላ ቢሄድ ጠያቂ የለውም፤ ቢሰበርም ለመጠገኛ በጀት አይጠየቅበትም። ለጋሹም «ሰጥቻለሁ» የሚልበት ወረቀት የዚያው ሞዴል ቅጂ ነው።

«ልጄን የመንግሥት ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ብሄድ 600 ብር የልማት መዋጮና አንድ ደስጣ ወረቀት አምጪ ተባልኩ። ሳልከፍል አይመዘግቡልኝም? ግዴታ ነው?»
— እናት፣ ከአቃቂ

ግዴታ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ 12ኛ ክፍል ትምህርት በነፃ ይሰጣል ይላል፤ እስከ 8ኛ ደግሞ ግዴታም ነው። (የ1986ቱ ፖሊሲ ነፃ ያደረገው እስከ 10ኛ ነበር።) ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶችን በእኩልነት የማግኘት መብት ይሰጣል፤ መንግሥትም ለትምህርትና ለጤና የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እየጨመረ እንዲሄድ ያስገድዳል። ምዝገባን ከመዋጮ ጋር ማያያዝ ከዚህ ጋር አይሄድም።

ይህ ማለት ግን መዋጮ ሕገ ወጥ ነው ማለት አይደለም። ወላጅ በስብሰባ ተወያይቶ፣ በፈቃዱ ሊሰጥ ይችላል። አገሩም የትምህርትን ገንዘብ ለብቻ መሰብሰብን ከጥንት ያውቀዋል፤ በ1940 ዓ.ም. በእርሻ መሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጥሎ፣ በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ላሉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲውል ተደርጎ ነበር። ልዩነቱ ያኔ ግብር ነበር፤ በአዋጅ የተጣለ፣ ደረሰኝና መዝገብ ያለው። ዛሬ በር ላይ የሚጠየቁት ግብርም ስጦታም ያልሆነ ነገር ነው፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል።

እንዲህ ያድርጉ። «የወላጆች ስብሰባ የወሰነበትን ቃለ ጉባኤ ላየው እችላለሁ?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ካለ የተገኘው ወላጅ ቁጥርና ፊርማ፣ የመዋጮው ዓላማ፣ «በፈቃደኝነት» የሚል ቃል ሊኖረው ይገባል። ለመክፈል ከወሰኑ በመንግሥት የገቢ ደረሰኝ፣ በሞዴል 64፣ ይክፈሉ ወይም በትምህርት ቤቱ ስም ወደተከፈተው የባንክ ሒሳብ ያስገቡ። በመምህር ወይም በኮሚቴ አባል የግል ቴሌብር የገባ ገንዘብ የትምህርት ቤቱ ገንዘብ አይደለም። ሰውየው ታማኝ ቢሆን እንኳ በኦዲት ጊዜ የሚጎዳው እሱ ነው፤ ይህን ሲነግሯቸው ብዙዎች ይደነግጣሉ፣ ደረሰኙም ይገኛል። መክፈል ካልቻሉ ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ አጭር ማመልከቻ ይጻፉ። ምዝገባውን ከከለከሉዎት ቀኑን፣ ያናገሩትን ሰው ኃላፊነትና የተጠየቁትን መጠን ጽፈው ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይስጡ። የቃል አቤቱታ ነፋስ ይወስደዋል።

የደስጣው ወረቀት ትንሽ ቢመስልም በዓይነት የሚሰበሰበው ነገር ከብሩ ይልቅ ይጠፋል፤ ለእሱም ሞዴል 19 አለው። ብሩም ትንሽ አይደለም። ትምህርት ቤቱ 1,100 ተማሪ ካለው 600 ብር ሲባዛ 660,000 ብር ነው፤ ግማሹ ወላጅ ብቻ ቢከፍል 330,000። ይህን ያህል ገንዘብ ካዋጣችሁ በዓመት ሁለት ጊዜ ገቢና ወጪው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ መጠየቅ ነገረኝነት አይደለም።

«የእድራችን ተቀማጭ ጥሩ ነው፤ ሞት ቀነሰ ማለት ባንችልም ገንዘቡ ተርፏል። በአጠገባችን ላለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አፀደ ሕፃናት ሁለት ረዳት ሞግዚቶች ቀጥረን በየወሩ ልንከፍል አስበናል። ምን ይመክሩናል?»
— የእድር ጸሐፊ፣ ከየካ አባዶ

ከሐሳባችሁ ሌላውን ሁሉ ወደነዋል፤ «በየወሩ» የምትለዋን ቃል ግን አልወደድናትም።

በወር 6,000 ብር የምትከፍሉት አንድ ሠራተኛ የሚያስወጣችሁ 6,000 ብር አይደለም። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ 7 በመቶው ከሠራተኛው ይቆረጣል፤ 11 በመቶውን አሠሪው ከራሱ ይጨምራል፤ እሱም 660 ብር ነው። በዓመት 79,920 ብር፤ ለሁለቱ 159,840። እድሩ 300 አባል ካለው በየወሩ በአባል 45 ብር ቢጨመር በዓመት የሚገኘው 162,000 ነው፤ ልክ በልኩ ነው ማለት ይቻላል፤ ለመጠባበቂያ የሚተርፍ የለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለ፤ የወሊድ ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድ፣ ሲያሰናብቱ የሚከፈል ሒሳብም አለ። «የእድሩ ሠራተኛ ነኝ» ወይስ «የትምህርት ቤቱ»? ይህ ጥያቄ ጠብ እስኪነሣ ድረስ አይጠየቅም፤ ከተነሣ በኋላ ግን ፍርድ ቤት የሚያየው ደመወዙን ማን ይከፍል እንደነበር ነው። ሊቀ መንበራችሁ በጡረታ ያሳልፉታል ብለው ያሰቡትን ጊዜ ችሎት ለችሎት ይመላለሱበታል።

ዋናው ጉዳት ግን ሌላ ነው። ወረዳው ክፍተቱ በእድር መሸፈኑን ካየ መደቡን አይጠይቅም። እናንተ በሦስተኛው ዓመት ሲደክማችሁ ሞግዚቶቹ ይሄዳሉ፤ ሕፃናቱ መጀመሪያ ከነበሩበት የባሰ ቦታ ላይ ይቀራሉ።

ልባችሁ ረዳት ላይ ከሆነ እንዲህ ይደረግ። ከወረዳው ጋር የጊዜ ገደብ ያለው ስምምነት ፈርሙ፤ ለምሳሌ እድሩ የሚከፍለው ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው፣ ሐምሌ 1 ላይ መደቡን መንግሥት ይይዛል። ገንዘቡን ሙሉውን በቅድሚያ በትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ሒሳብ አስገቡ፣ ቀጣሪውም ትምህርት ቤቱ ይሁን። የእድሩን መተዳደሪያ ደንብም አንብቡ። ብዙው ደንብ ገንዘቡ ለቀብርና ለሐዘን ብቻ ይላል፤ ጠቅላላ ጉባኤው ደንቡን ሳያሻሽል ኮሚቴው ብቻውን ቢያወጣ አንድ አባል ተነሥቶ «የእናቴ ድንኳን ገንዘብ የት ገባ?» ሲል መልስ አይኖራችሁም። ለቀብር የሚያስፈልገውንም አስቀድማችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት በጣም ብዙ ሰው የሞተበትን ዓመት ወጪ ውሰዱና በሁለት አባዙት፤ ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ትርፍ ነው።

አንድ ጊዜ ወጥቶ የሚያልቅ ነገር ከፈለጋችሁ ለሕፃናት የሚሆን ዝቅ ያለ የእጅ መታጠቢያ፣ 5,000 ሊትር ሮቶ ከነማቆሚያው፣ የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ የመጫወቻው ሜዳ አጥር። ሮቶውን ስትሰቅሉ ማቆሚያው በቀጭን ብረት አይሠራ፤ ሙሉ 5,000 ሊትር ውኃ 5 ቶን ይከብዳል፤ ከታች ደግሞ ሕፃን ይሮጣል።

«ለትምህርት ቤት 200,000 ብር ብሰጥ ከግብር ይነሣልኛል?»
— የኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ባለቤት፣ ከቱሉ ዲምቱ

በሙሉ አይነሣም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ተቀናሽ የሚሆነው ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ወይም መንግሥት ላደረገው የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ የተሰጠ ስጦታ ነው፤ ከግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶም ሊበልጥ አይችልም። ማኅበርዎ 1,200,000 ብር ግብር የሚከፈልበት ገቢ ካለው ጣሪያው 120,000 ነው፤ 80,000ው ውጪ ይቀራል። ተቀነሰ ማለትም ተመለሰ ማለት አይደለም፤ የድርጅት ግብር 30 በመቶ ስለሆነ በ120,000 ላይ የሚቀልልዎ 36,000 ብር ነው። ለመንግሥት ትምህርት ቤት በቀጥታ የሚሰጡት በራሱ ከእነዚህ ከሁለቱ ውስጥ ላይገባ ስለሚችል ከመስጠትዎ በፊት ለግብር ቅርንጫፍዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከሰጡ በኋላ የሚመጣ መልስ አይጠቅምዎትም።

በበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ከሰጡ ደግሞ ስለ 20 በመቶው ይጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ድርጅቱ ትምህርት ቤት የሚያካሂድ ከሆነ የመምህራኑ ደመወዝ የፕሮጀክት ወጪ እንጂ አስተዳደራዊ አይደለም፤ «ደመወዝ በዛ» ብለው አይፍረዱ።

«ሁለተኛ ክፍል ያለች ልጃችን የግል ትምህርት ቤት ናት። በወር 4,000 ብር፣ ሰርቪስ 2,500 ብር እንከፍላለን። የመንግሥቱ ምግብም ዩኒፎርምም ይሰጣል ይባላል። ብናዞራት እንጎዳታለን?»
— ባልና ሚስት፣ ከአያት

በአሥር ወር 65,000 ብር ነው፤ በዚያ ላይ ዩኒፎርምና መጽሐፍ፣ የምሳ ዕቃም አለ። የአዲስ አበባ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባውን፣ ዩኒፎርሙንና ደብተሩን ከከተማው በጀት ያገኛሉ። ስለዚህ ነፃ ነው ከማለት ሌላ ሰው ከፍሎበታል ማለት ይሻላል፤ ከፋዮቹ ውስጥም በሥራ ግብራችሁና በምትገዙት ዕቃ በኩል እናንተ አላችሁ። ሁለት ጊዜ እየከፈላችሁ ነው።

ጥራቱን ከክፍያው አትለኩ። ሁለቱንም ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ በሁለተኛ ክፍል በአንዱ ሴክሽን ስንት ልጅ አለ? ባለፈው ዓመት ያስተማሩት መምህር ዘንድሮ አሉ? የሽንት ቤቱ ውኃ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ይመጣል? የመጨረሻውን ጠይቃችሁ አትመኑ፤ ሄዳችሁ ክፈቱት። የመንግሥቱ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ይሸነፋል፣ የግሉ በሁለተኛው፤ ደመወዝ ትንሽ የጨመረ ጎረቤት ትምህርት ቤት የግሉን መምህር በመንፈቀ ዓመት ይወስደዋልና።

የግሉ በኪራይ ቪላ ውስጥ ከሆነ የኪራይ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ ጠይቁ። አከራዩ ሲጨምር ክፍያው ይጨምራል፤ አከራዩ ሲያስወጣ ትምህርት ቤቱ ሰፈር ይቀይራል። ክፍያ ሲጨመርም ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ሰብስቦ፣ ምክንያቱን አስረድቶ የተስማማበት ቃለ ጉባኤ ሊኖረው ይገባል፤ ፊርማችሁ «ተገኝቻለሁ» የሚለው ላይ ነው ወይስ «ተስማምቻለሁ» የሚለው ላይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ከላይ ያለውን አንብቡ።

ልታዞሯት ከወሰናችሁ በዓመቱ መካከል አይሁን። መሸኛውንና የውጤት ካርዱን ሰኔ ላይ ውሰዱ። ያልተከፈለ ወር ካለ መሸኛው ላይ ክርክር ይነሣል፤ ቀድማችሁ ዝጉት። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ በምዝገባው የመጀመሪያ ቀናት ተገኙ።

«ቤታችን በሸገር ከተማ በኩል ነው፤ የሚቀርበን ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ግን መንገዱን ተሻግሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። የጤና መድኅን ካርዳችንስ እዚያ ይሠራል?»
— ከለገጣፎ መዳረሻ

መንገዱ ጠባብ ይሁን እንጂ በወዲህና በወዲያ ያሉት ሁለት የተለያዩ ካዝናዎች ናቸው። ሸገር በ2015 ዓ.ም. ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታንና ገላንን ይዞ የተመሠረተ፣ በኦሮሚያ ክልል ሥር ያለ ከተማ ነው። የአዲስ አበባ ምገባና ዩኒፎርም የሚሄደው ከትምህርት ቤቱ ጋር ነው፤ እዚያ የተመዘገበ ልጅ ቤቱ የትም ይሁን ይበላል። ጣጣው ምዝገባው ላይ ነው፤ የነዋሪነት መታወቂያ ሲጠየቅ የእናንተ የሌላ አስተዳደር ነው፤ በተጣበበ ትምህርት ቤት ይህ ይጎዳችኋል። የማስተማሪያው ቋንቋም በሁለቱ ወገን ስለሚለያይ ትምህርቱን ከጀመረ በኋላ ማመላለስ ልጁን ያደናብረዋል፤ አንዱን መርጣችሁ ጽኑ።

ካርዱን በተመለከተ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ጀምሮ መሠረቱ ውል ነው። መዋጮውን የሰበሰበው ቋት ውል የያዘው ከተወሰኑ ተቋማት ጋር ነው፤ ከእነሱ ውጭ ከታከማችሁ ከኪሳችሁ ነው። ስለዚህ ካርዱን ስታድሱ «ውል ያላችሁባቸው ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ዝርዝር ይሰጠን» በሉ፤ መንገድ ማዶ ያለው ካለበት ጥሩ፣ ከሌለበት ካርዱ እዚያ ወረቀት ነው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድም ያስከፍላል። 18 ዓመት የሞላው ልጅ ቤት ውስጥ ካለ በቤተሰቡ መዋጮ ላይ ለእሱ ተጨማሪ ይከፈላል፤ ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ልጁ ሲታመም በመስኮት ላይ የሚነሣው ክርክር በየቀኑ የሚታይ ነው። አቅም የሌለው ቤተሰብ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል፤ ምልመላው በሰፈር ስለሆነ በወቅቱ ስማችሁ መግባቱን ተከታተሉ፤ ዝርዝሩ ከተዘጋ የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቅ ነው።

ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢ ሕክምናና በጤና ጣቢያ መውለድ ግን ካርድ ኖረም አልኖረም በነፃ ናቸው። ምጥ ሲመጣ መንገዱን ተሻገሩ።